መብራት ይዞ ወደ ባሕር ጥልቀት የወረደው ዣክ ኢቭ ኩስቶ

በዓመት አንድ ጊዜ በሚወጣው በዚህ መጽሔታችን ላይ የታላላቅ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ መጻፍ የቆየ ልማድ ስለ ሆነ፣ እኔም በበኩሌ የአንድ ፈረንሳዊ የባሕር ሰው ታሪክ ላቀርብላችሁ ወድጃለሁ። ይህ ሰው ዣክ ኢቭ ኩስቶ ይባላል። ስሙን የሰማችሁ ሁሉ የምታስታውሱት፣ ሰው ከውሃ በታች እንደ ልቡ የሚተነፍስበትን መሣሪያ ከሠሩት ከሁለቱ ሰዎች አንዱ መሆኑን ይሆናል። እኔ ግን በተለይ ለመጻፍ የፈለግሁት ስለ ሌላው ድካሙ፣ ይኸውም መብራትን ወደ ባሕር ውስጥ አውርዶ የባሕርን መልክ ለሰው ልጅ ስለ ማሳየቱ ነው። ሰው ከውሃ በታች መተንፈስ ቢችልም እንኳ መብራት ካልያዘ ከሚያየው የማያየው ይበልጣል። በጽሑፌ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ይህን ርእስ መምረጤን የሰሙ አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ፣ አገራችን የባሕር በር የሌላት ሆና ሳለ የባሕር ውስጥ መብራት ለእኛ ምን ይጠቅመናል ብለው ተከራክረውኛል። ክርክራቸው በከንቱ የሚጣል አይደለም። እኔ ራሴም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ እስክሆን ድረስ ባሕርን በዓይኔ አላየሁም። ይሁን እንጂ ውሃ ብርሃንን የሚውጥበት ሕግ በቀይ ባሕርም ሆነ በሻላ ሐይቅ አንድ ነው። ሻላ 266 ሜትር ያህል ጥልቀት ስላለው፣ ቀትር ላይ ፀሐይ በአናት ላይ ቆማ ስታቃጥል የሐይቁ ወለል ግን እንደ እኩለ ሌሊት የጨለመ ነው። ከዚህም በላይ፣ ያላዩት አገር አይናፍቅም የሚል የአባቶቻችን ተረት አለ። ሰው ላላየው ነገር አያዝንም፣ አይቆረቆርምም። የኩስቶን ሕይወት ባነበብሁ ቁጥር ይህ ተረት ትዝ ይለኛል። ለጓደኞቼ የምሰጠውም መልስ ይኸው ታሪኩ ነው።

ዣክ ኢቭ ኩስቶ በ1910 ዓ.ም. ሰኔ 11 ቀን ከቦርዶ ከተማ አጠገብ በምትገኘው በሴንት አንድሬ ደ ኩብዛክ ተወለደ። ገና በልጅነቱ የፊልም ካሜራ ስለ ነበረው፣ ማየትና ያየውን ለሌላ ማሳየት ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከእርሱ ጋር ያደገ ፍቅር ነበር ለማለት ይቻላል። በ1930 ዓ.ም. ብረስት በሚገኘው የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ገባ። ከተመረቀ በኋላ ሐሳቡ የባሕር ኃይል አውሮፕላን ነጂ ለመሆን ነበር። ነገር ግን በ1936 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሁለቱም ክንዶቹ ክፉኛ ስለ ተጎዱ የበረራው ነገር በዚያው ቀረ። ክንዶቹን ለማጠንከር በቱሎን ወደብ አጠገብ በሜዲትራኒያን ባሕር መዋኘት ጀመረ። በዚያን ጊዜ የሥራ ባልደረባው የነበረው ፊሊፕ ታዬ የውሃ መነጽር አዋሰው። ኩስቶ መነጽሩን አድርጎ ፊቱን ወደ ውሃው ባገባ ጊዜ ከታች ያለውን ሣር፣ ድንጋይና ዓሣ እንደ በራሪ ወፍ ከላይ ሆኖ አየ። ሰማይን የተከለከለው ወጣት ከዚያች ቀን ጀምሮ ልቡን ለባሕር ሰጠ።

በ1937 ዓ.ም. ሲሞን ሜልክዮር የምትባለውን ወጣት አገባና ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ። ከታዬና ፍሬዴሪክ ዱማ ከሚባል ታላቅ ጠላቂ ጋር ሆኖም፣ በ1942 ዓ.ም. በ18 ሜትር ጥልቀት ላይ የተነሣውን የመጀመሪያውን የውሃ ውስጥ ፊልሙን ሠራ። በዚያን ጊዜ የመተንፈሻ መሣሪያ ስላልነበራቸው እያንዳንዱን ሥዕል ያነሡት ትንፋሻቸውን ይዘው እየጠለቁ ነበር። ይህም ችግር ኩስቶን ወደ መሐንዲሱ ወደ ኤሚል ጋኛን ወሰደው። ጋኛን በጦርነቱ ዘመን ቤንዚን ስለ ጠፋ መኪናዎች በጋዝ እንዲሄዱ የሚያደርግ ቫልቮላ ሠርቶ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ያንኑ ቫልቮላ አሻሽለው፣ ጠላቂው አየር ወደ ውስጥ በሳበ ጊዜ ብቻ ተከፍቶ ከውሃው ግፊት ጋር የተመጣጠነ አየር የሚሰጥ መሣሪያ በ1943 ዓ.ም. አወጡ። ጠላቂው የአየር ሲሊንደሩን በጀርባው አዝሎ፣ ገመድም ቱቦም ሳያስረው እንደ ዓሣ መዋኘት የቻለው ከዚያ ወዲህ ነው።

የመተንፈሱ ነገር ሲቃለል የማየቱ ችግር ወጣ። በፊዚክስ ትምህርታችን እንደ ተማርነው ነጭ የሚመስለን የፀሐይ ብርሃን የብዙ ቀለማት ድብልቅ ነው፤ ይህንንም የማርያም መቀነት በሰማይ ላይ በተዘረጋ ጊዜ ሁላችንም እናየዋለን። ብርሃኑ ወደ ውሃ ሲገባ ግን ቀለማቱ አብረው አይወርዱም። ውሃው ጥሩ እንኳ ቢሆን ቀዩ ቀለም ከ5 እስከ 10 ሜትር ባለው ውስጥ አብዛኛው ይጠፋል። ብርቱካናማው ይከተለዋል፤ ቀጥሎም ቢጫው ይሄዳል። ወደ ታች የሚዘልቁት አረንጓዴውና ሰማያዊው ናቸው። ስለዚህ በ40 ሜትር ላይ ያለ ጠላቂ ዙሪያው ሁሉ ሰማያዊ ጭጋግ ይመስለዋል። አንድ ቀን ዱማ በጥልቅ ውሃ ውስጥ አንድ ትልቅ ዓሣ በጦር በወጋ ጊዜ ከቁስሉ የፈሰሰው ደም አረንጓዴ ሆኖ ታያቸው። ወደ ላይ እየወጡ ሲሄዱ ደሙ ቡናማ፣ ከዚያም ሐምራዊ መሰለ፤ ከባሕሩ ፊት ሲደርሱ ግን እንደ ማንኛውም ደም ቀልቶ ተገኘ። ደሙ ባለበት ሳለ ዓይናቸውን ያታለለው ቀዩ ብርሃን ወደ እነርሱ አለመድረሱ ነበር።

ኩስቶና ጓደኞቹ በጥልቅ ውሃ ውስጥ አምፑል ባበሩ ጊዜ ያዩት ነገር ከዚህ የበለጠ አስደነቃቸው። ጥቁርና ግራጫ ይመስል የነበረው ገደል በቀይ፣ በብርቱካናማና በቢጫ ሰፍነግ የተሸፈነ ሆኖ ተገኘ። እነዚያ ቀለማት ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ በዚያ ጨለማ ውስጥ ሲኖሩ አንድም ሰው አላያቸውም ነበር። እርግጥ ነው፣ መብራትን ወደ ባሕር በማውረድ ኩስቶ የመጀመሪያው አልነበረም። ሉዊ ቡታን የሚባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ1893 ዓ.ም. ባንዩል በተባለው የባሕር ዳር ከተማ የውሃ ውስጥ ፎቶግራፍ አንሥቶ ነበር፤ ብርሃን ለማግኘትም በበርሜል ላይ በተገጠመ ብርጭቆ ውስጥ ማግኒዝየም ያቃጥል ነበር። ነገር ግን የቡታን መሣሪያ እጅግ ከባድ ስለ ነበር ይዞ መዋኘት አይቻልም። የኩስቶ ዕድል፣ መዋኘት የሚያስችለው መሣሪያና በእጅ የሚያዝ መብራት በአንድ ዘመን መገናኘታቸው ነው።

በጨለማ ውስጥ መግባት ግን ቀለም ማየት ብቻ እንዳልሆነ በ1946 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ተማረ። በደቡብ ፈረንሳይ ፎንቴን ደ ቮክሉዝ የሚባል፣ ከተራራ ሥር ከጥልቅ ዋሻ የሚፈልቅ ታላቅ ምንጭ አለ። ኩስቶና ዱማ የምንጩን ምሥጢር ለማወቅ የእጅ ባትሪ ይዘው፣ ወደ ላይ የሚያገናኛቸውን ገመድ ተከትለው ወደ ዋሻው ወረዱ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁለቱም አእምሮአቸው መደንዘዝ ጀመረ፤ ዱማ ራሱን ሊስት ደረሰ። ባትሪያቸው የሚያሳያቸው ከፊታቸው ያለውን ድንጋይ ብቻ ስለ ሆነ መውጫው ወዴት እንደ ሆነ ማወቅ አልቻሉም። ከላይ ገመዱን የያዘው ሞሪስ ፋርግ ነገሩን ተጠራጥሮ ጎትቶ ባያወጣቸው ኖሮ በዚያው በቀሩ ነበር። በኋላ ሲመረመር፣ ሲሊንደሮቹን የሞላው ሞተር የራሱን ጭስ መልሶ እየሳበ አየሩን በመርዝ እንደ በከለው ታወቀ። የሚያሳዝነው፣ ያዳናቸው ፋርግ ራሱ በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1947 ዓ.ም.፣ 120 ሜትር ከጠለቀ በኋላ ሕይወቱ አለፈ።

ይህ ታሪክ ለዛሬ ጠላቂዎች ደንብ ሆኗል። ወደ ዋሻ የሚገባ ጠላቂ አንድ ዋና መብራትና ሁለት መጠባበቂያ፣ በድምሩ ሦስት መብራት ይዞ መግባት አለበት፤ ወደ ውጭ የሚመራ ገመድም ከእጁ ሊለይ አይገባም። ከሦስቱ መብራቶች አንዱ ቢጠፋ ጉዞው ያበቃል፤ ጠላቂው በቀሩት ሁለቱ ወደ ውጭ ይመለሳል። በሌሊት በግልጥ ባሕር የሚጠልቅ ሰው ደግሞ ቢያንስ ሁለት መብራት ይይዛል። መጠባበቂያው ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ድንጋዩ አዲስ ወይም በሙሉ የተሞላ፣ ማብሪያውም በአንድ እጅ በቀላሉ የሚገኝ መሆን አለበት። በቤታችን መብራት ሲጠፋ ሻማና ክብሪት የት እንዳለ በጨለማ መፈለግ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ሁላችንም እናውቃለን። በውሃ ውስጥ ግን የሚፈለገው ዕቃ ብቻ ሳይሆን የሚያልቀውም አየር አለ።

በ1950 ዓ.ም. ቶማስ ሎኤል ጊነስ የሚባል እንግሊዛዊ ባለጸጋ ካሊፕሶ የተባለችውን መርከብ ገዝቶ በዓመት በአንድ ፍራንክ ኪራይ ለኩስቶ ሰጠው። ካሊፕሶ በ1942 ዓ.ም. በአሜሪካ ተሠርታ ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል ፈንጂ ስትጠርግ የነበረች የእንጨት መርከብ ናት። የመጀመሪያው ትልቅ ጉዞዋ ከ1951 እስከ 1952 ዓ.ም. ወደ ጎረቤታችን ወደ ቀይ ባሕር ነበር። የቀይ ባሕር ውሃ ጥሩና ኮራል የሞላበት ስለ ሆነ፣ ለመብራትና ለካሜራ የሚስማማ ሥፍራ ሆኖ አገኙት። ኩስቶና ባልደረቦቹ በኋላ ለቀለም ፊልም ትልልቅ ፓውዛዎች ከመርከቢቱ በሚወርድ የኤሌክትሪክ ገመድ እያበሩ ወደ ባሕር ውስጥ አወረዱ። አንዱ ጠላቂ ካሜራውን ሲይዝ ሌላው ፓውዛውን ይዞ በጎን ይዋኝ ነበር።

መብራቱ በጎን የሚያዝበት ምክንያት አለው። በጣርማ በር መንገድ በጭጋግ ውስጥ የሄደ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሾፌሩ ረጅሙን መብራት ያበራ እንደ ሆነ መንገዱ በመታየት ፈንታ ከፊቱ ነጭ ግድግዳ ይቆምበታል። ብርሃኑን መልሶ ወደ ሾፌሩ ዓይን የሚልከው በአየሩ ውስጥ ያለው የውሃ ቅንጣት ነው። በባሕርም ውስጥ ደቃቅ አሸዋና በዓይን የማይለዩ ሕያዋን ፍጥረታት ተንሳፈው ስለሚገኙ፣ መብራቱ ከካሜራው አጠገብ ከሆነ ሥዕሉ በረዶ የሚዘንብበት ይመስላል። መብራቱ ከሌንሱ ርቆ በጎን ወይም ከላይ አዘንብሎ ሲያበራ ግን፣ ከካሜራው ፊት ያሉት ቅንጣቶች በጥላ ውስጥ ይቀሩና የሚፈለገው ነገር ብቻ ይታያል። ዛሬ የውሃ ውስጥ ፎቶግራፍ የሚያነሡ ሰዎች መብራታቸውን በረጃጅም የብረት ክንዶች ላይ የሚሰቅሉት ስለዚህ ነው።

በ1953 ዓ.ም. ሃሮልድ ኤጀርተን የተባለ አሜሪካዊ መምህር በካሊፕሶ ላይ ከኩስቶ ጋር መሥራት ጀመረ። ኤጀርተን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የኤሌክትሪክ መምህር ሲሆን፣ ጋዝ በተሞላ ቱቦ ውስጥ ኤሌክትሪክን በቅጽበት በማፍሰስ እንደ መብረቅ ብልጭ የሚል ፍላሽ በመሥራት የታወቀ ሰው ነው። መርከበኞቹም አባባ ፍላሽ እያሉ ይጠሩት ነበር። ጠላቂ ሊደርስበት ወደማይችለው ጥልቀት የሚወርድ፣ በወፍራም የብረት ቤት ውስጥ የተዘጋ ካሜራና ፍላሽ ሠራ። በ1956 ዓ.ም. ካሊፕሶ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሮማንሽ በሚባለው ሸለቆ ላይ 7,500 ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ውሃ መልሕቋን ጥላ፣ የዚያን ጥልቅ ወለል ፎቶግራፍ አነሡ። የራስ ዳሸንን ተራራ ቁመት ከነዚህ ሜትሮች ብንቀንስ ገና ብዙ ይተርፋል። በዚያ ሥፍራ የፀሐይ ብርሃን ከቶ ስለማይደርስ፣ ሰው የላከው ያ ብልጭታ ባይኖር ኖሮ ምንም ነገር ባልታየ ነበር።

በዚያው በ1956 ዓ.ም. ኩስቶ ከወጣቱ ከሉዊ ማል ጋር የሠራው የዝምታው ዓለም የተባለው ፊልም በካን የፊልም በዓል ታላቁን ሽልማት አገኘ፤ በሚቀጥለው ዓመትም የአሜሪካንን ኦስካር ተሸለመ። ፊልሙ ሲጀምር ጠላቂዎች በውሃ ውስጥ የማይጠፋ የማግኒዝየም ችቦ እያበሩ ወደ ታች ሲወርዱ ይታያል። በሕይወታቸው ባሕር ውስጥ ገብተው የማያውቁ ሚሊዮኖች በሲኒማ ቤት ተቀምጠው የባሕርን ቀለም አዩ። ይሁን እንጂ እውነቱን መደበቅ አይገባኝም። በዚሁ ፊልም ውስጥ መርከበኞቹ ዓሦችን ለመቁጠር ብለው በኮራል መካከል ድማሚት ሲያፈነዱ፣ ሻርኮችንም በቁጣ ሲገድሉ ይታያል። ዛሬ ይህን የሚያይ ሰው ያዝናል፤ ኩስቶንም በዚህ የሚወቅሱት ብዙዎች ናቸው። በእኔ አስተያየት ከሕይወቱ ታሪክ ትልቁ ቁም ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው። ያን ድማሚት ያፈነዳ ሰው በኋላ ዘመኑ የባሕር ጠበቃ ሆኗልና።

ኩስቶ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የሞናኮ የውቅያኖስ ጥናት ሙዚየም ዲሬክተር ሆነ። በ1959 ዓ.ም. ሁለት ሰዎችን ይዛ ወደ 300 ሜትር የምትወርድ፣ ፊቷ ላይ መብራት የተገጠመላት ክብ ሰርጓጅ መርከብ አሠራ። ከዚያም ሰው በባሕር ውስጥ ቤት ሠርቶ መኖር ይችል እንደ ሆነ ለመፈተን ተነሣ። በ1962 ዓ.ም. በማርሴይ አጠገብ ሁለት ሰዎች በ10 ሜትር ጥልቀት ላይ አንድ ሳምንት ተቀመጡ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ከፖርት ሱዳን ብዙ በማይርቀው በሻዓብ ሩሚ የኮከብ ቅርጽ ያለው ቤት በ10 ሜትር ላይ ተተክሎ አምስት ሰዎች አንድ ወር ኖሩበት፤ ሌሎች ሁለት ሰዎችም ከ25 ሜትር በታች በተተከለ ትንሽ ቤት አንድ ሳምንት ቆዩ። አየሩና ኤሌክትሪኩ ከላይ ከመርከብ በቱቦና በገመድ ይወርድላቸው ነበር። በ1965 ዓ.ም. በኒስ አጠገብ ስድስት ሰዎች በ100 ሜትር ጥልቀት ላይ ሦስት ሳምንት ያህል ሠሩ። ስለ ሻዓብ ሩሚ የተሠራው ፀሐይ የሌለው ዓለም የተባለው ፊልምም ኦስካር ተሸልሟል። የዚያ መንደር ቅሪት ኮራል በቅሎበት በቀይ ባሕር ውስጥ ይገኛል፤ ጠላቂዎችም ባትሪ ይዘው ይጎበኙታል።

ኩስቶ በከባድ ገመድና በፓውዛ የሠራውን ሥራ ዛሬ በአንድ እጅ የሚያዝ ባትሪ ይሠራዋል። የጥንቱ አምፑል ኤሌክትሪኩን አብዛኛውን ወደ ሙቀት ይለውጠው ነበር፤ ዛሬ ግን ኤል ኢ ዲ የሚባለው መብራት በጥቂት ኤሌክትሪክ ብዙ ብርሃን ይሰጣል፣ ቶሎም አይሰበርም። እንግዲህ መብራት የሚመርጥ ሰው ሊጠይቅ የሚገባው ምን ሊያይበት እንደ ፈለገ ነው። 10 ዲግሪ ያህል ጠባብ ጨረር ያለው መብራት በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ሰንጥቆ ይሄዳል፤ ለጓደኛም ምልክት ለመስጠት ይመቻል። 100 ዲግሪ ያህል ሰፊ ጨረር ያለው ደግሞ ቅርብ ያለውን ኮራል በሙሉ ስለሚያለብሰው ለፊልም ይስማማል፤ ሩቅ ግን አይደርስም። የብርሃን መጠን በሉመን ይለካል። ነገር ግን በዕቃው ላይ የተጻፈውን ሉመን ብቻ አይቶ መግዛት አይበቃም፤ ያው ሉመን በጠባብ ጨረር ሲሰበሰብ ይበረታል፣ በሰፊው ሲበተን ይሳሳል። እንደዚሁም መብራቱ በሙሉ ኃይሉ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይና እስከ ስንት ሜትር ጥልቀት ግፊት እንደሚችል መታወቅ አለበት።

አያያዙም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ውሃ ወደ መብራቱ እንዳይገባ የሚከለክለው ትንሽ ክብ ላስቲክ ነው። በእርሱ ላይ አንዲት ፀጉር ወይም አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ብትቀር ባሕሩ በዚያች ቀዳዳ ይገባል። ስለዚህ ላስቲኩ ይጠረጋል፣ ለእርሱ የተሠራው ቅባት በስሱ ይቀባል፣ የተሰነጠቀ እንደ ሆነም ይለወጣል። ከባሕር ሲወጡ መብራቱን በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነም ድንጋዩን ማውጣት ያስፈልጋል። ኃይለኛ መብራት የሚቀዘቅዘው በውሃው ስለ ሆነ ከውሃ ውጭ ለብዙ ጊዜ ማብራት ያበላሸዋል። በሌሊት ጠላቂዎች የሚነጋገሩትም በመብራት ነው፤ ብርሃኑን ቀስ አድርጎ በክብ ማዞር ደኅና ነኝ ማለት ሲሆን፣ ወዲያና ወዲህ በፍጥነት ማወዛወዝ ችግር ደርሶብኛል ማለት ነው። በእጅ ምልክት የሚሰጥ ሰውም ብርሃኑን በራሱ እጅ ላይ ያበራል እንጂ በጓደኛው ዓይን ላይ አያበራም። ይህ ጨዋነት ለባሕር ፍጥረታትም የሚገባ ነው። የተኛን ዓሣ በኃይለኛ መብራት ማፍጠጥ ያደናግረዋል፤ ከድንጋይ ጋርም ሊያጋጨው ይችላል።

ኩስቶ ባሕርን ለብዙ ዓመታት ካየና ካሳየ በኋላ፣ ያየው ነገር እየጠፋ መሄዱን ተመለከተ። በ1960 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት የአቶም ዝቃጭ በሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ለመጣል ባሰበ ጊዜ ከተቃወሙት ሰዎች ግንባር ቀደም ሆኖ ቆመ፤ ሐሳቡም ቀረ። ከ1960ዎቹ ማለቂያ ጀምሮ በቴሌቪዥን ያሳያቸው የነበሩት ተከታታይ ፊልሞች ስሙን በብዙ አገሮች ቤት ለቤት አስገቡት። በ1973 ዓ.ም. ባሕርን ለመጠበቅ የኩስቶ ማኅበርን አቋቋመ። በ1979 ዓ.ም. ግን አብሮት ይሠራ የነበረው ሁለተኛው ልጁ ፊሊፕ በሊዝበን አጠገብ በአውሮፕላን አደጋ ሞተበት። አባትየው በዚህ ሐዘን ሥራውን አልተወም፤ ታላቁ ልጁ ዣን ሚሼልም ሊረዳው መጣ። በአንታርክቲካ ማዕድን እንዳይቆፈር ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሰው ፊርማ ያሰባሰበ ዘመቻ መራ። በ1991 ዓ.ም. መንግሥታት በማድሪድ ተፈራርመው በዚያች አህጉር ማዕድን ማውጣትን ከለከሉ።

በ1996 ዓ.ም. ካሊፕሶ በሲንጋፖር ወደብ ሌላ ጀልባ ገጭቷት ሰጠመች፤ በኋላ ከውሃ ወጣች። ኩስቶ በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1997 ዓ.ም. ሰኔ 25 ቀን፣ በ87 ዓመቱ በፓሪስ አረፈ። የተቀበረው በተወለደባት በሴንት አንድሬ ደ ኩብዛክ ነው።

እንግዲህ ወደ ጓደኞቼ ክርክር ልመለስ። የኩስቶን ሕይወት ከጫፍ እስከ ጫፍ ስመለከተው፣ መጀመሪያ ያየው ለራሱ ደስታ እንደ ነበር፣ ኋላም ለሌሎች እንዳሳየ፣ በመጨረሻም ላየው ነገር ጠበቃ እንደ ሆነ እረዳለሁ። ሦስተኛው ያለ መጀመሪያው ሊሆን ባልቻለ ነበር። ሰማያዊ ጭጋግ ብቻ ለሚታየው ሰው ስለ ቀይ ሰፍነግ ቢነግሩት ተረት ይመስለዋል። የእኛም ሐይቆች ከፊታቸው ባሻገር ምን እንደሚኖርባቸው የምናውቀው ጥቂት ነው። በዳርቻቸው ቆመን የምናየው ውሃውን ብቻ ስለ ሆነ ቆሻሻ ሲጣልባቸው ብዙም አይሰማንም። ከእኛ ትምህርት ቤት ተመርቀው ከሚወጡት መካከል አንዳንዶቹ የሥነ ሕይወት፣ አንዳንዶቹም የኤሌክትሪክ ሊቃውንት ሆነው፣ አንድ ቀን የማይጠፋ መብራትና መጠባበቂያውን ይዘው ወደ ሻላ ጥልቀት እንዲመለከቱ ተስፋ አደርጋለሁ። ያዩትንም በዚህ መጽሔት ላይ ለታናናሾቻቸው ቢጽፉ፣ ለእኛ ምን ይጠቅመናል የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ መልስ ያገኛል።